ጓሳ ላይ አረንጓዴ ሁሉ ደህና አይደለም

ይድረስ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ በመንዝ ጓሳ ሣሩን እየተካ ስላለው ቁጥቋጦ

ከመንገድ ሆኖ ለሚያየው ሰው የመንዙ ደጋ ሣር ሜዳ ጓሳ ደህና ይመስላል። አረንጓዴ ነው። ጠጋ ሲሉት ግን በሣሩ መሃል ቅጠሉ መርፌ የመሰለ፣ አበባው ቢጫ የሆነ ቁጥቋጦ እየበዛ ነው። በሳይንስ ስሙ ዩሪዮፕስ ይባላል። መጤ አይደለም፣ ድሮም እዚያው የነበረ ተክል ነው። ችግሩ የሣሩን ቦታ እየወሰደ መምጣቱ ነው። ሽማግሌዎች ይህን ሲናገሩ ቆይተዋል፤ የሳተላይት ምስል ያጠኑ ተመራማሪዎችም ደርሰውበታል።

ሣሩ ከሄደ ብዙ ነገር ይሄዳል። አይጦቹ የሚኖሩት ሣሩ ውስጥ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአይጦቹ ነው። ጭላዳ ደግሞ ሣር የሚግጥ ዝንጀሮ ነው፤ እንዲህ ያለ ሌላ ዝንጀሮ በዓለም ላይ የለም። እዚያው ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት አንድ የሚገርም ነገር አሳይቷል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል። ብቻውን ሲያድን 25ቱ ብቻ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፣ አጠገባቸው እየተዘዋወረ ዝም ብለው ይግጣሉ። ይህ ጉርብትና ያለ ሣር ሜዳ እንዴት ይቀጥላል?

ጓሳ እዚህ የደረሰው ሰው ስላልነካው አይደለም። ቄሮ በሚባለው የመንዝ ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሕዝቡ ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋው፣ ሲደርስ ከፍቶ ያጭደው ነበር። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ። ያለ ወቅቱ ማጨድና ልክ ያጣ ግጦሽ መጣ። ሣሩ ሲሳሳ ቁጥቋጦው ቦታ አገኘ። ሽማግሌዎች የአፈሩን መድረቅም ይጨምሩበታል። ማኅበረሰቡ ጥበቃውን እንደ አዲስ አቋቁሟል፤ ለዚህ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ነገር ግን ሜዳውን መዝጋት ብቻውን አንዴ ሥር የሰደደን ቁጥቋጦ አይመልሰውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከማኅበረሰቡ ጋር ሆናችሁ በተመረጡ ቦታዎች ቁጥቋጦው እንዲመነጠር አድርጉ። ለማገዶ ስለሚሆን የሚወስደው ሰው አይጠፋም። አፈሩ እንዳይሸረሸር ግን ዳገታማውን ተዉት። አጠገቡ ያልተነካ መሬት አስቀሩና ሣሩንም አይጡንም በየዓመቱ ቆጥራችሁ አወዳድሩ። የአጨዳ ወቅቱን የሚወስኑት ሣሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ይሁኑ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ ተከላ አለ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ለተራቆተ ዳገት። የጓሳ ሜዳ ግን የተራቆተ መሬት አይደለም፣ ዛፍም አይጠይቅም። በሜዳው ላይ ችግኝ እንዳይተከል ለክልሉና ለወረዳዎቹ ከመጪው ክረምት በፊት በደብዳቤ አሳውቁልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመንዝ ተወላጅ