ጥቁር ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ልብስ ስፌት ሥራ ሲነሳ ስለ ደመወዝና ስለ ማሽን ይወራል፤ መብራቱን ማንም አያነሳውም። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ቀኑን ሙሉ የሚሰፋ ሰው ብርሃን ሲያንሰው ወደ መርፌው ያጎነብሳል፤ ማታ ዓይኑ ይቆጠቁጠዋል፣ አንገቱ ይደርቃል፣ ስፌቱም ይዘላል። ይህ የሰነፍ ሠራተኛ ጥፋት ተደርጎ መቆጠሩ ያሳዝናል።

የአውሮፓ የሥራ ቦታ መብራት ደረጃ ለቢሮ ንባብና ጽሑፍ 500 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው)፣ ለስፌት 750፣ ለጨርቅ ቀለም ምርመራ 1000 ሉክስ ይጠይቃል። ልኬቱ መወሰድ ያለበት መርፌው በሚወርድበት ቦታ፣ ሠራተኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው፤ የራሱ ጭንቅላት ጥላ ይጥላልና። ባዶ ክፍል ውስጥ የተለካ ቁጥር ያታልላል።

ጣሪያው ላይ አምፖል መደርደር ብቻውን አይበቃም። የአንድ አምፖል ርቀት ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ሲያድግ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። በማሽኑ ራስ ላይ፣ ከመርፌው አጠገብ የምትታሰር ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ብዙ ትሠራለች። በቀኝ እጁ ለሚቆርጥ ሰው መስኮቱ በግራ ቢሆን ይመረጣል።

አምፖሉ ራሱም ይፈተሽ። የኤሌክትሪክ ኃይላችን 50 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ስለሚደክም ጥራት የሌለው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን ባያየውም ራስ ምታት ያስከትላል፤ የሚሽከረከር መዘውር የቆመ ሊያስመስልም ይችላል፣ ይህ ጣት ያስቆርጣል። ለመፈተሽ የስልክ ካሜራን በዝግታ መቅረጫው (ስሎው ሞሽን) ወደ አምፖሉ ማዞር ነው፦ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተመላለሱ አምፖሉ ይቀየር።

የጨርቅ ብናኝም የአምፖሉ ሽፋን ላይ ይጋገራል። ኃይሉ ተቋርጦ በደረቅ ጨርቅ በየወሩ ይወልወል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመብራት ተከላ ባለሙያዎች