የግቢውን በር የሚያዳምጥ ልጅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። የጎረቤቴ ልጅ 9 ዓመቱ ነው። ማታ ማታ እኛ ቤት ይመጣና ደብተሩን ይዘረጋል፤ ግን አይጽፍም፣ ጆሮው የግቢው በር ላይ ነው። የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ እርሳሱ ከእጁ ይወድቃል። የአባቱን እርምጃ ብቻ ሰምቶ "ዛሬ ጠጥቷል" ይለኛል። ተሳስቶ አያውቅም።

ትምህርት ቤት "ረባሽ" ተብሎ ወላጅ አምጣ ይባላል። ማንን ያምጣ? በስጋት የሚያድግ ልጅ እንቅልፍ ያጣል፣ ሐሳቡ ይበተናል፣ አንዱ ይደባደባል፣ ሌላው ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጥና እኛ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው" ብለን እናልፈዋለን። እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ ይሄ ዝምተኛው ነው።

በ2011 የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሸጥም ከለከለ። ደግ አደረገ። አባትየው ግን ጎልማሳ ነው፤ አረቄውም ከቤቱ አልጠፋም። ሱስ ሕመም ነው፣ ይታከማል፤ አማኑኤል ሆስፒታልም ከዚህ ሩቅ አይደለም። ለአባትየው ይህንኑ ነግሬዋለሁ፣ እንደገናም እነግረዋለሁ።

መምህራን፣ እባካችሁ፣ ልጁን ከመቅጣታችሁ በፊት "ትናንት ማታ ተኛህ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ