ብርሃኑ ነጋን በጭብጨባ አንመዝናቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ አንዲት ጀበና ቡና ጋ ቁጭ ብለን ክርክር ተነሳ። «ብርሃኑ ነጋ ዛሬም ቢወዳደር አዲስ አበባ የሱ ናት» አለ አንዱ። «ያ ድሮ ቀረ!» አለ ሌላው። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ተጨቃጨቅን። ቤቴ ገብቼም ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ከንጋት ጀምሬ ተሰልፌ ድምፄን የሰጠሁት ከመሸ በኋላ ነው። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ነበር። ብርሃኑ የተወዳደሩበት የተቃዋሚዎች ጥምረት፣ ቅንጅት፣ ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ሲያሸንፍ አለቀስኩ። ዶክተር ብርሃኑ (ያኔ ዶክተር ነበር የምንላቸው) ለከንቲባነት ተመርጠው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ታሰሩ። ግን እውነቱን ልናገር። ያን ቀን የመረጥኩት እሳቸውን ብቻ አይደለም። ምሬቴም መርጧል። ዛሬ ያንን ሁሉ ድምፅ በአንድ ሰው ስም መመዝገብ ልክ አይመስለኝም።

ጳጉሜን 2010 ከስደት ሲመለሱ ከተማው ወጥቶ ተቀበላቸው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 2013 ምርጫ፣ ያኔ ይመሩት የነበረው ፓርቲ፣ ኢዜማ፣ በመላ አገሪቱ ያገኘው 4 የፓርላማ ወንበር ነው። ፓርቲው በምርጫው ላይ አቤቱታ አቅርቧል፤ ይሄም መረሳት የለበትም። ቢሆንም አቀባበል ሌላ፣ ድምፅ ሌላ ነው።

ፓርቲውን እየመሩ በ2014 መጀመሪያ የትምህርት ሚኒስትር ሲሆኑ «ተሸጡ» ያሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልልም። የ2014 ትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ወላጅ ሁሉ ደነገጠ። መራራ ነው፤ ግን ሳይሸፋፈን መነገሩ ለልጆቻችን ይጠቅማል። መወደድን ብቻ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ይዞ አደባባይ አይወጣም።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የአንድ ፓርቲ መሪ ካቢኔ ውስጥ ከተቀመጠ፣ የፓርቲው ተመራጮች ሚኒስትሩን እንዴት ያፋጥጣሉ? «ተቃዋሚ» ቀርቶ «ተፎካካሪ» እንበል ከተባለ ዓመታት አልፈዋል። ስሙ ይለወጥ፣ ግድ የለኝም። ሥራው ግን መጠየቅ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አራቱ የኢዜማ ተመራጮች ምክር ቤት ውስጥ ምን ጠየቁ? የትኛውን አዋጅ ተቃወሙ፣ የትኛውን ደገፉ? ቃለ ጉባኤውን አገላብጣችሁ አውጡልን። እኛም ቡናችን ላይ እሱን ይዘን እንከራከር።

ከአራት ኪሎ አንባቢያችሁ