ባትሪውን ገና አትግዛ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እናትህ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታችን ረዘመ። ማን ቀድሞ መደወል እንዳቆመ አላጣራም፤ ስንገናኝ እንጨቃጨቅበታለን።

ወሬህን የነገረችኝ እህትህ ናት፤ እዚህ ሐዋሳ ፒያሳ ተገጣጠምን። የፎቶ ኮፒ ቤትህ ጄኔሬተር በቁልፍ አልነሳ ብሎህ ባትሪ ቀየርክ፤ እሱም ደከመና አሁን ሌላ ልትገዛ ነው አሉ። የአዳማ የነፋስ ተርባይኖች ከአናትህ እየተሽከረከሩ አንተ ከጄኔሬተር ጋር ትታገላለህ! እባክህ ብርህን ያዝ። ሁለት ባትሪ ተከታትሎ ሲሞት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የባትሪው አይደለም። ሰው ቀድሞ ባትሪውን የሚጠረጥረው ሱቅ ሄዶ መግዛት ስለሚቀለው ይመስለኛል።

ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ዲስክ፣ ቮላኖው፣ ላይ ማግኔቶች አሉ። ሲዞሩ ከሥራቸው ባለው ጥቅልል ሽቦ ውስጥ ኤሲ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ሬጉሌተር የሚባለው ዕቃ ባትሪው ወደሚቀበለው ዲሲ ይቀይረውና መጥኖ ለባትሪው ይሰጣል። እዚህ መንገድ ላይ አንድ ነገር ከተበላሸ አዲሱም ባትሪ ያልቃል።

መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) ተዋስ። መጀመሪያ ባትሪውን በውጭ ቻርጀር ሙላው፤ ባዶ ባትሪ ይዘህ የምትለካው ያሳስትሃል። ጥቂት ሰዓት አርፎ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። ከዚያ በገመድ አስነሳና ሞተሩ በሙሉ ፍጥነቱ እየሠራ ድገመው። ከ13.5 እስከ 14.5 ከሆነ ቻርጁ ደህና ነው፤ ያኔ ባትሪውን የሚጨርሰው ሳይጠፋ የሚያድር ቁልፍ ሊሆን ስለሚችል ሳያጠፋው የሚሄደው ማን እንደሆነ ሠራተኞችህን ጠይቅ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ቻርጅ አይደርሰውም። ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ መገደብ አቅቶታል፤ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። በዚያ ላይ የአዳማ ሙቀት!

ቻርጅ ካልደረሰው ፊውዙን እይ። ከዚያ ሬጉሌተሩ የታሰረበትን ብሎን ፍታ። ብዙዎቹ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰውን መስመር) የሚያገኙት በገላቸው ነው፤ ሥሩ ዝገት ወይም ቀለም ካለ ሥራ ያቆማሉ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ አጥብቀህ እሰረው። እዚህ ፍቅር ሐይቅ አንድ ባለጀልባ አዲስ ባትሪ ገዝቶ መጣ፤ ችግሩ የዛገች ብሎን ነበረች። ገንዘብ መቀበል አሳፈረኝ፤ ተቀበልኩ እንጂ።

እሱም ካልሆነ ሞተሩን አጥፍተህ ከጥቅልሉ የሚመጡትን ሽቦዎች ከሬጉሌተሩ ንቀል። መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርገህ አስነሳና ለካ። እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ በብዙዎቹ ግን ከ20 ቮልት ያልፋል። ቮልቱ ካለ ሬጉሌተሩን ቀይር። ከሌለ የቮላኖውን ሽፋን ክፈት፤ ሽቦውን አይጥ በልቶት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ካቦ ነቅሎ "ካልጠፋ ቻርጁ ደህና ነው" የሚል ባለሙያ አይጠፋም። አትስማው። ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የካንዴላው እሳት ከማግኔቱ ስለሚመጣ እንዲህ ዓይነት ሞተር ያለ ባትሪም ይሠራል። ምንም አይነግርህም፤ ሬጉሌተሩን ግን ሊያቃጥልብህ ይችላል።

ሁለቱን ቁጥሮች፣ ሞተሩ ቆሞና እየሠራ ያሉትን፣ በቴሌግራም ላክልኝ። ሬጉሌተሩ ከሆነ ፈትተህ ወደ ሐዋሳ በሚመጣ ሰው ላከው፤ እኔ አመሳስዬ እፈልግልሃለሁ። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ፣ ከሐዋሳ