ታርጋው ስለተመለሰ ብቻ የሚዘጋ መዝገብ፦ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የሰበር ሰሚ ችሎት ዳኞች፣

በድሬዳዋ በጥብቅና ሙያ የምሠራ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የክርክሩ መነሻ በመሀል ሲቀር መዝገቡ ሕጋዊነቱ ሳይመረመር እንዲሁ ስለሚዘጋበት አሠራር ነው።

ፍርድ ቤት በሌለ ክርክር ላይ ጊዜውን ያጥፋ የሚል ጠበቃ የለም። በፍቺ ክርክር መካከል ከተጋቢዎቹ አንዱ ቢሞት የሚፈርስ ጋብቻ አይኖርም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37ም ዳኝነት የማግኘት መብትን የሰጠው «በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ» ላቀረበ ሰው ነው። እኔ የምቃወመው ክርክሩን የሚያስቀረው ራሱ ተከሳሹ መሥሪያ ቤት ሲሆን ነው።

በሳቢያን መስመር የሚሠራ አንድ የባጃጅ ሹፌር ታርጋው ያለ አንዳች የጽሑፍ ውሳኔ ተፈቶ ስለተወሰደበት በእኔ በኩል ክስ አቀረበ። ቀጠሮው በቀጠሮ እየተተካ፣ ባጃጁ ደጃፍ ቆሞ የብድሩ ክፍያ ሲጠራቀም ቆየ፤ ክርክሩ ሊሰማ ሲቃረብ ታርጋው ተመለሰ። የከሰስነው መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ተነሥቶ «የተጠየቀው ተፈጽሟል» ሲል መዝገቡ ተዘጋ፤ ብዙም ሳይቆይ በዚያው መስመር የሌላ ሹፌር ታርጋ በዚያው አኳኋን ተፈታ። «ይግባኝ እንበል» ስለው ባለጉዳዬ «ታርጋዬን አግኝቻለሁ፣ ምን ልከራከር?» አለኝ፤ እውነቱን ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ እናንተ ዘንድ የማይደርሰውም ለዚሁ ይመስለኛል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊደገም የሚችልና በአጭር ጊዜ እያበቃ ከዳኝነት የሚያመልጥ ድርጊት ሲገጥመው፣ ጊዜው ቢያልፍም የመወሰንን መንገድ በ1911 እ.ኤ.አ. ከፍቷል፤ ተከሳሽ ድርጊቱን በገዛ ፈቃዱ ማቆሙም ብቻውን ክሱን አያስቀርም።

የችሎታችሁ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ስለሚያስገድድ፣ አግባብ ያለው መዝገብ ሲቀርብ ድርጊቱ እንደማይደገም የማስረዳቱ ሸክም በመሥሪያ ቤቱ ላይ እንዲሆንና፣ ይህን ካላስረዳም የድርጊቱ ሕጋዊነት በፍርድ እንዲለይ እንድታደርጉ በትሕትና እጠይቃለሁ። መዝገቡ መዘጋት ካለበትም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 462 መሠረት የወጪና ኪሣራ ጥያቄ አብሮ እንዳይዘጋ።

ከአክብሮት ጋር፣
በድሬዳዋ የሚሠራ ጠበቃ