ደንቡን አንብቤ ነው የገባሁት

እህት ዓለም፣ እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? እማማ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ማን ቀድሞ እንደጠፋ ብንከራከር አንስማማም፣ ስለዚህ እሱ ይለፍ።

ቤት ገዛን። አዎ፣ በመጨረሻ! ወሬውን ከሌላ ሰው ሰምተሽ ከሆነ «በገንዘባቸው እስር ቤት ገቡ» ብለውሽ ይሆናል፣ ዘመዱ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለን። አንቺም ቤት እያፈላለግሽ ነው ስለተባልኩ ከራሴ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ያለነው ከአያት አልፎ በለገጣፎ መስመር ነው። ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ታክሲ መጋፋት ነው። ቤቶቹ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው። አንድ በር፣ ጥበቃ፣ እና ወፍራም መተዳደሪያ ደንብ።

ደንቡ ምን ይላል መሰለሽ። የውጭ ቀለም መቀየር የለም። ጓሮ ላይ ሰርቪስ ክፍል መቀጠል የለም። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሙዚቃ የለም። እንግዳ በር ላይ ይመዘገባል። በግ ከበዓሉ ዋዜማ በፊት አይገባም፣ የሚታረደውም በተመደበለት ቦታ ብቻ ነው። በፊት ለፊት በረንዳ ልብስ አይሰጣም፣ በርበሬም አይሰጣም። እናቴ ይሄንን አታውቅም ነበር። ለዓመት የሚሆነንን በርበሬ ይዛ መጥታ ጠዋት በረንዳው ላይ ዘርግታው ቁጭ ብላለች፣ ጥበቃው መጥቶ «እማማ፣ ይሄ እንኳን አይቻልም» ሲላት እንዴት እንዳየችው ብታዪ! እስካሁን ድረስ ሰላም አትለውም። ጓሮ ነው ያሰጣነው።

ታዲያ እንደዚህ ያለ ቦታ ምን አስገባሽ ትዪኛለሽ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አብረን የተከራየናት ክፍል ትዝ ትልሻለች? ካውያ ክልክል። ገላ መታጠብ በተራ። አምፖላችን ስንት ሻማ እንደሆነ ሴትዮዋ እየገባች ታይ ነበር። ሰው ሲመጣ «ወንድሜ ነው» ስንላት «ለመሆኑ ስንት ወንድም ነው ያላችሁ?» ያለችው እስካሁን ያስቀኛል። ደግሞ ሕጉ እንደ ፊቷ ነበር፣ ሰኞ የተፈቀደው ሐሙስ ያስቆጣታል፣ የት ሄደሽ ትከራከሪያለሽ? ዕድሜያችንን በሙሉ በሰው ደንብ ስንኖር የኖርን ሰዎች ነን እኮ። የአሁኑ ቢያንስ ተጽፏል፣ እኔም እጄን አውጥቼ ድምፅ እሰጥበታለሁ።

ድምፁ ደግሞ ለይስሙላ አይደለም። መጀመሪያ የነበረውን ደንብ ያረቀቀው ቤቶቹን የሠራው ድርጅት ነው፣ እና ድንኳን መትከል የሚቻለው በጽሑፍ ተጠይቆ ከተፈቀደ በኋላ ነው ይል ነበር። ለሠርግ ይሁን፣ ምንም አይደል። ለለቅሶስ? ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይሄ ሲነሳ ቤቱ ታመሰ። አንዱ ስለ ፓርኪንግ ያወራል፣ አንዷ ስለ ሣሩ፣ በመሃል አንድ ጡረታ የወጡ አባት ተነሥተው «ሞት ማመልከቻ አያስገባም፣ ልጆቼ» አሉና ቁጭ አሉ። አለቀ። ለለቅሶ ድንኳን ፈቃድ እንዳያስፈልግ ተወሰነ፣ ማን እንደሚተክለው እንኳን እዚያው ተነጋገርን፣ እድሩም የተመሠረተው ከዚያ በኋላ ነው።

የባሌ ወንድም ከገበሬ የተገዛ መሬት በርካሽ አለ ብሎን ነበር። ማንም «ይሄን አታድርጉ» የማይልበት ቦታ፣ ዶሮም ላምም አርቡበት አለን። እኔ ግን በ2011 ለገጣፎ ላይ ያ ሁሉ ቤት ሲፈርስ ካየሁ ወዲህ ወረቀት የሌለው ነፃነት አያጓጓኝም። ባሌ ትንሽ አኩርፎ ተወው።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ደንቡን ስጡኝ በይ። «ሲገቡ ይሰጥዎታል» ካሉሽ ቦርሳሽን አንሺና ውጪ። በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ፣ ቁጥር 370 የሚባለው፣ ፎቅ ብቻ አይደለም የሚመለከተው፣ አምስትና ከዚያ በላይ ቤት በተርታ ተያይዞ ከተሠራም ይገባበታል። ባለቤቶቹ ማኅበር አላቸው፣ የጋራ የሆነውን የሚያስተዳድረው ማኅበሩ ነው፣ ቤቱን ስትገዢ ከጋራ መጠቀሚያው ያለሽ ድርሻም አብሮ ይመጣል፣ ነጥለሽ ልሽጠው ብትዪ አይሆንም። ስለዚህ ማኅበሩ በትክክል ተቋቁሟል ወይስ አሁንም የሚያዘው ሻጩ ነው፣ ይሄንን ጠይቂ። ለብቻው የቆመ ቪላ ከሆነ ደግሞ ውሉን በደንብ አንብቢ፣ ጠበቃም አሳዪ።

ወርሃዊ መዋጮውንም ዝም ብለሽ ስንት ነው አትበዪ፣ ምን ምን ይሸፍናል በይ። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የጋራ ሮቶና ፓምፕ ባይኖረን በጀሪካን ነበር የምንኖረው። ጄኔሬተሩ ግን ነዳጁ ለብቻ ነው፣ እሱን ማንም አልነገረንም ነበር።

የማልወደው የለም እንዳልልሽ። መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስሙ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። ይሄ ነውር ነው፣ ሰው ምን እንደገጠመው ሳይጠየቅ። ልጆች ደግሞ ሣሩ ላይ ኳስ እንዳይጫወቱ ተከልክለዋል። ሣሩ ለማን ነው ታዲያ? ከፋሲካ በኋላ ጉባኤ አለ፣ ሁለቱንም አነሣለሁ፣ ከወዲሁ የእናቶቹን ድምፅ እያሰባሰብኩ ነው።

ከጉባኤው በፊት ነይና ቤቱንም ደንቡንም እዪ። ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ቅዳሜ ይሻላል፣ ባሌም ቤት ነው የሚውለው። ስምሽን በር ላይ አስመዘግባለሁ፣ አንቺ ብቻ መታወቂያሽን እንዳትረሺ፣ ያ ጥበቃ የእናቴን ዓይን የቻለ ነው፣ አንቺን አይፈራም።