አባባ፣ እባክዎ ቀጠሮውን አይሰርዙ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለንደን እንደ ልማዷ ጨፍግጋለች።

በስልክ ባነሳሁብዎት ቁጥር ወሬ ስለሚያስቀይሩ ነው የጻፍኩት። እህቴ እንደነገረችኝ ሐኪሞቹ የቀኝ ሳንባዎን ካንሰር በኦፕራሲዮን እናውጣ ሲሉ «ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል» ብለው አሻፈረኝ ብለዋል። ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ዝም ብሎ ከመሬት የተነሳም አይደለም። ድሮ ሰው ሆስፒታል የሚሄደው አልጋ ከያዘ በኋላ ነበር። ሐኪሙ ሲከፍተው በሽታው ቀድሞ ተሰራጭቶ ያገኘዋል፤ መልሶ ይሰፋዋል። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ሲያርፍ ጥፋቱ በቢላው ላይ ተላከከ።

የእርስዎ ሌላ ነው። ሳል እንኳ ሳይኖርዎት፣ ሲጋራ ያጨሱ ስለነበር ብቻ በታዘዘ ሲቲ ስካን የተገኘ ነው። እዚያ አሜሪካ ከ50 እስከ 80 ዓመት ያለ፣ ለብዙ ዓመት ያጨሰና ካቆመ 15 ዓመት ያልሞላው ሰው በየዓመቱ እንዲታይ የሚመከረው ለዚሁ ነው። እጢው ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በሳንባው ዙሪያ ያሉት ንፍፊቶችም (ሊምፍ ኖዶቹ) በስካን ንጹሕ ናቸው ተብሏል። እኔ በምሠራበት ኦፕሬሽን ክፍል እንዲህ በጊዜ የተያዘ ሰው ሲመጣ ሁላችንም ደስ ይለናል።

የሚፈሩትንም አውቃለሁ። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዎ ሸሚዙን ገልጦ ያሳየን ጠባሳ ነው። ከጡቱ ሥር ተነስቶ በብብቱ ዞሮ ጀርባው ድረስ የሄደው። ያኔ ሳንባ ጋ ለመድረስ የጎድን አጥንቶቹን በብረት ፈልቅቆ መክፈት ግድ ነበር። ሰውን ለወራት የሚያሰቃየው ይኸው መፈልቀቁ ነው፤ በየጎድኑ ሥር የሚያልፈው ነርቭ ይጎዳል።

አሁን የሚደረገውን ልንገርዎት። ማደንዘዣ ሰጪው ካስተኛዎት በኋላ ሁለት መተላለፊያ ያለው ቱቦ በጉሮሮዎ ያስገባል። በግራው ሳንባዎ ብቻ ይተነፍሳሉ፤ የቀኙ አየሩ ወጥቶ እንደ ተነፈሰ ፊኛ ይሟሽሻል። በጎንዎ ተኝተው በጎድን አጥንቶች መሃል ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። በአንዱ ካሜራ ይገባል። የሐኪሙ ዓይን ስክሪኑ ላይ ነው። የደም ሥሮቹን አንድ በአንድ ለይቶ፣ እየቆረጠ እዚያው በሚሰፋ መሣሪያ ይዘጋቸዋል። ንፍፊቶቹንም ለምርመራ ያወጣል።

እኔ የምወደው መጨረሻውን ነው። እጢው ያለበት የተቆረጠው የሳንባ ሥጋ ዝም ብሎ ተጎትቶ አይወጣም። የተጠቀለለ የፕላስቲክ ከረጢት በቀዳዳው እናስገባለን። ደረት ውስጥ ይከፈታል፣ ሥጋው ይገባበታል፣ አፉ ይዘጋል፤ ከዚያ ነው የሚወጣው። ለምን ቢሉ፣ ካንሰሩ ሲያልፍ ቁስሉን እንዳይነካ። «ይሰራጫል» ያሉትን ሐኪሞቹም አስበውበታል ማለት ነው።

መሣሪያዎቹን የሚይዝ ሮቦት አለ ሲባሉም «ማሽን አይነካኝም» ብለዋል አሉ። አባባ፣ ሮቦቱ ብቻውን ምንም አይሠራም። ሐኪሙ እዚያው ክፍል ቁጭ ብሎ በገዛ እጁ ነው የሚያንቀሳቅሰው።

አንድ ነገር ግን ልደብቅዎት አልፈልግም። ቀዳዳው ትንሽ ነው ማለት ኦፕራሲዮኑ ቀላል ነው ማለት አይደለም። በውስጥ የሚሠራው ያው ትልቁ ሥራ ነው። የቀኝ ሳንባ ሦስት ክፍል አለው። ለረጅም ዓመታት ደንቡ እጢው ያለበትን ክፍል ሙሉውን ማውጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ከጃፓን፣ በ2023 ደግሞ ከአሜሪካ የወጡ ጥናቶች ግን በሳንባው ዳር ላለና ከሁለት ሴንቲ ሜትር ለማይበልጥ እጢ ከዚያ ያነሰ ቁራጭ ማውጣት እንደሚበቃ አሳይተዋል። ለእርስዎ የትኛው እንደሚሻል ሐኪሙ ይወስን። ደም ቢያስቸግር ወይም ሳንባው ከደረት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቢገኝ፣ መሃል ላይ ደረትዎን ሊከፍት ይችላል። ሲነቁ ጠባሳው ረዝሞ ቢያገኙት አልተሳካም ማለት አይደለም። እኔ ቀዳዳው ከሚያንስ ካንሰሩ ቢያልቅ እመርጣለሁ። እንግሊዝ አገር በ9 ሆስፒታሎች 503 ሰዎች ላይ ደረት ከፍቶ መሥራትና በቀዳዳ መሥራት ተወዳድረው፣ በቀዳዳ የተሠሩት ከአምስት ሳምንት በኋላ እንቅስቃሴያቸው ተሽሎ ተገኝቷል። ካንሰሩን አጥርቶ በማውጣት በኩል ደግሞ ከሌላው አላነሰም።

ታሪክ ስለሚወዱ ይቺን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1933 ግራሃም የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በካንሰር የተያዘ አንድ ሙሉ ሳንባ አወጣ። ሕመምተኛው በቀረው ሳንባ ብዙ ዓመት ኖረ። ሐኪሙ ግን አጫሽ ነበርና በ1957 በዚያው በሳንባ ካንሰር ሞተ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጎንዎ ላይ ቱቦ ይኖራል። አየርና ፈሳሽ ያወጣል፤ ሲደርቅ ይነቀላል። በማግስቱ ተነስተው ይራመዱ ሲሉዎት እንዳይቆጡ። ማስታገሻውን «እችለዋለሁ» ብለው አይመልሱት። ጎኑን ያመመው ሰው አያስልም፤ ካላሳለ አክታው ተጠራቅሞ የሳንባ ምች ያመጣል። ለዚህም ነው ጠያቂ እንዳይበዛ የምለው። አውቅዎታለሁ፣ እንግዳ ፊት ማሳል ነውር መስሎዎት አፍነው ይይዙታል። የማኅበሩ ሰዎች እቤት ሲገቡ ይምጡ፤ ለእህቴ ነግሬያታለሁ።

ጸበልዎን ይጠጡ፣ ማንም አይከለክልዎትም። ሐኪሙንም በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን እንደሚሠራ ይጠይቁት። ይህ ድፍረት አይደለም፤ እዚህ አገር ሁሉም ይጠይቃል።

እኔ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ከቀኑ በፊት እደርሳለሁ። እህቴ ደግሞ ሰሞኑን በረንዳው ላይ ሲጋራ ሸተተኝ ትላለች። የጎረቤት ነው ብያታለሁ። የጎረቤት ካልሆነ ግን ዛሬውኑ ይቁም፤ የእኔም ምስክርነት እስከዚያው ድረስ ነው።

አክባሪ ልጅዎ